ሁለቴ የማይሰጥ ኮሮጆ

ድኩላ ለማደን የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ደጋኑን ይመስላችሁ ይሆናል። በአቶ ክንዴ ቤት ግን መጀመሪያ የሚዘጋጀው ልብስ ነው። ካፖርቱም ሱሪውም ያለ ሳሙና ይታጠባል፣ በቅጠል ጭስ ይታጠናል፣ የሰው ሽታ እስኪለቀው ድረስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ከዚያ ፍላጻው ይቃናል። ደጋኑ ከተሰቀለበት የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቀው የአቶ ክንዴ ልጅ ማናለብሽ፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የአባቷን ካፖርት አጥሩ ላይ እያገላበጠች ነበር። ልቧ ግን ከካፖርቱም ከድኩላውም ጋር አልነበረም፤ ከእንጅባራ በሚመጣው መንገድ ላይ ነበር።

ምስጋናው ይመጣል። ለአደኑ አብሮ እንዲወጣ የጠሩት ደግሞ አባቷ ራሳቸው ናቸው። ይህን ስታስብ ሳቋ ይመጣል።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። የአቶ ክንዴ ፈረስ ሆዱን ታሞ መሬት ለመሬት ሲንከባለል፣ ተጠርቶ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ምስጋናው ነበር። የዳንግላ ልጅ ነው። አባቱ ከተማው መሀል የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እናቱ ደግሞ ለልጃቸው ሚስት ሲያስቡ ከባሕር ዳር ወዲህ የምትሆን አትታያቸውም። ምስጋናው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ፈረሱን ሲያክም ዋለ። በነጋታው ፈረሱ ተነሳ፣ ማናለብሽ ወደቀች። እሱም ቢሆን በዚያው አልቀረም። «ፈረሱን ልየው ብዬ ነው» እያለ ሲመላለስ፣ የዳነው ፈረስ ራሱ መታየት ሳይሰለቸው አልቀረም።

በመሀሉ የሚያወሩት በስልክ ነው። ስልክ ሲባል ግን እንደ ከተማው አይምሰላችሁ። እነ ማናለብሽ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታቸው በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ ብቻ ነው። ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ችግኟን ውሃ አጠጥታ ስትጨርስ ወደዚያ ትወጣለች፤ የሰነበተው መልእክት ሁሉ ተግተልትሎ ይገባል። «ዝናቡ በረታ፤ አንች ጋስ?» «ምሳ በላሽ?» «ዝም አልሽኝ እኮ።» «በቃ ተቀይመሻል።» «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም።» እሷ ምንም ሳታውቀው ጠቡም እርቁም አልቆ ይጠብቃታል።

አቶ ክንዴ ይህን ሁሉ አላዩም ማለት አይደለም። ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛ ድኩላ የሚያዩ ሰው የልጃቸው ፊት አይሰወራቸውም። ዝም ያሉት ፈርተው ነው። «የከተማ ልጅ ነው፤ ነገ ይሄዳል» ይሏቸዋል ሚስታቸውን እትዬ ሸጋን። «አባቱ ባለሱቅ፣ እናቱ እመቤት። የገበሬ ልጅ ይዞ የእነሱን ደጅ አይረግጥም። ልጄን የሰው አፍ ውስጥ ከቶብኝ ይሄዳል።» በዚያ ላይ ይሄነው አለ። ይሄነው የአዲስ ቅዳም የከሰል ነጋዴ ነው፤ ዛፋቸውን የሚገዛቸው እሱ ነው፤ ማናለብሽን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን አገር ሰምቷል። ይሄነው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለማናለብሽም ለእኔም ለተራኪው በቀለለን ነበር። አይደለም፤ ደግ ሰው ነው።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ምስጋናው ከባጃጅ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። አዲስ ጃኬት ለብሷል፣ ጫማውን ወልውሏል፣ ሽቶውን ደግሞ ሳይሳሳ ተርከፍክፎታል። አቶ ክንዴ ደጅ ላይ ፍም አስቀምጠው የቀርከሃ ፍላጻ እያሞቁ ያቃናሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ፍላጻውን እያዩ ሳለ ከዓይናቸው በፊት አፍንጫቸው እንግዳውን አወቀው።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?»

«እግዚሃር ይመስገን። ይኸ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«ሽቶ ነው።»

«ለድኩላው ነው ለፈረሱ?»

እትዬ ሸጋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ምስጋናው እስከ ጆሮው ቀላ፤ ግን ሳቀ። ሳቁ እውነተኛ ነበርና አቶ ክንዴም ፊታቸው ፈታ አለ።

«አውልቅ፣ አውልቅ። ማናለብሽ፣ የኔን አሮጌ ካፖርት አምጭለት። ይኸን ይዞ ጫካ ከገባ ድኩላው ዳንግላ ድረስ ነው የሚሸሽ።»

ካፖርቱን ስታቀብለው ጣቶቹ ጣቶቿን ነኩ፤ ሁለቱም እንዳልተነኩ ሆኑ። ሲለብሰው እጅጌው ክንዱ መሀል ላይ ቆመ።

«አማረብኝ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ፈረሱ እንዳያይህ ብቻ፤ የታመመው አንተ ትመስለዋለህ» አለችው፣ እሷም ቀስ ብላ።

ይሄነው ቀድሞ መጥቶ የፍላጻውን ጫፍ በሞረድ እየሳለ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ተጨባበጡ፤ እጃቸው ጠበቅ፣ ዓይናቸው ራቅ ያለ ሰላምታ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ገባ። የወረዳው ፈቃድ አንድ ወንድ ድኩላ፣ በደጋን ብቻ ይላል፤ ባይልም አቶ ክንዴ ጠመንጃ አይዙም ነበር። «በዚህ ጊዜ ጥይት የተኮሰ ሰው የሚያድነው ጣጣ ነው» ባይ ናቸው። የነቢያት ጾም ሳይገባ ደርሰው መመለስ ስላለባቸው ችኮላ አለ። እትዬ ሸጋ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን አመድ ነፍተው በትንሽ ጨርቅ ቋጠሩ። አቶ ክንዴ ፍላጻ ጥፍራቸው ላይ አቁመው ሲያሾሩ ምስጋናው «ካልተንቀጠቀጠ ቀጥ ብሏል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አሳዩት። ሞከረው፣ ወደቀበት፣ ደግሞ ሞከረው። ማናለብሽ የአባቷን ፊት ሰረቅ አድርጋ አየችው። እንዲህ ለስልሶ ካየችው ቆይቷል።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። አቶ ክንዴ ተነስተው ቤት ገቡ፤ ፍላጻ የሚቀመጥበትን የቆዳ ኮሮጆ ከምሰሶው አውርደው ይዘው ወጡ።

ስለዚህ ኮሮጆ ልንገራችሁ። በዚህ ቤት ወግ ደጋኑን የሚይዘው አዳኙ ነው፤ ኮሮጆውን ይዞ ከኋላው የሚሄደው ግን የሥጋ ዘመድ ወይም የልጅ ባል ብቻ ነው። ጫካ ውስጥ ጀርባ ለባዕድ አይሰጥም ይላሉ። እስከ አምና የያዘው የአቶ ክንዴ ወንድም ነበር፤ ዘንድሮ እግሩን ታሞ ተኝቷል። ልጃገረድ ላለው አዳኝ ደግሞ ኮሮጆውን ለአንድ ጎልማሳ መዘርጋት ትርጉሙ ያው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የሚዘረጋው አንዴ ብቻ ነው። የተቀበለ ቤተሰብ ነው። ያልተቀበለ ቤቱን አልፈልግም ብሏል፤ ያ እጅም ለዚያ ሰው ሁለተኛ አይዘረጋም።

አቶ ክንዴ ኮሮጆውን በሁለት እጃቸው ለምስጋናው ዘረጉለት።

«ያዝልኝ» አሉ።

ማናለብሽ ወዲያው ገባት። ያ ሁሉ ፍርሃታቸው፣ ያ ሁሉ «ነገ ይሄዳል» ማለታቸው በዚህ አንድ ቃል አለቀ ማለት ነው። ልጄን ውሰድ እያሉት ነው!

ምስጋናው ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። በዚያ በሚያምር ፈገግታው፣ «ኧረ አባቴ፣ እንዴት ተደርጎ!» አለ። «ለእኔ ይኸ ይበዛብኛል። ለሚገባው ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ምን ያድርግ? ያሳደጉት እንዲህ ነው። በእነ ምስጋናው ቤት ጨዋ ልጅ መጀመሪያ ሲሰጡት «ይቅርብኝ» ይላል፣ ሁለተኛ ሲሰጡት «አስቸገርኋችሁ» ይላል፣ በሦስተኛው ይቀበላል። መጀመሪያ ላይ የተቀበለ ስስታም ነው። ስለዚህ ምስጋናው ተግደረደረ፤ ጎንበስ እንዳለም ሁለተኛውን ልመና ጠበቀ።

ልመናው አልመጣም። «ደግ» አሉ አቶ ክንዴ፤ ኮሮጆውን ይዘው ተመልሰው ገቡና ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ምንም አልነበረም። ይሄነው ሳል ሳል አለ። እትዬ ሸጋ በአዊኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረምርመው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ማናለብሽም ተከተለቻቸው፤ እዚያ ስትደርስ እንባዋ ከእናቷ እንባ ጋር ተገናኘ።

ምስጋናውን ለብቻው ያገኘችው ከባሕር ዛፉ ጥግ ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ፊቱ ይበራ ነበር።

«አባትሽን አየሻቸው? ወደዱኝ እኮ! እኔም አላሳፈርሁሽም፤ እንዴት እንደመለስሁ አየሽ አይደል?»

«አየሁ።»

«እናቴ ብትሰማ በኮራች ነበር።»

«እናትህ ይኩሩ። የኔ እናት እያለቀሰች ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ምን ሆነው?»

«ምስጋናው፣ ዛሬ አባቴ እኔን ነው የሰጡህ። አንተ ደግሞ ለሌላ ሰው ይስጡት አልህ።»

የኮሮጆውን ወግ ነገረችው። እየነገረችው ቀለሙ ሲለወጥ አየች፤ አዘነችለት፤ ማዘኗ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ምስጋናው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ እኮ ተግደርድሬ ነው! ማናለብሽ ሙች፣ ተግደርድሬ ነው!»

«እንጀራ ሲቀርብልህ ተግደርደር። ሰው ሲሰጡህም ትግደረደራለህ?»

«አሁኑኑ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

«ብትወድቅ ያነሱሃል። ይቅርም ይሉሃል፤ አባቴ ቂም አያውቁም። ኮሮጆውን ግን ሁለተኛ አይዘረጉልህም። ነገ ጧት ለይሄነው ይሰጡታል። እሱ ደግሞ አይግደረደርም።»

ምስጋናው እጁን ከራሱ አወረደ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሰው የሚናገር ያህል ወፍሮ ነበር። «ስሚኝ። እኔ ሦስቴ ሳልለመን የተቀበልሁት ነገር የለኝም። ትምህርቱንም፣ ሥራውንም፣ ጃኬቱንም ለምነው ነው የሰጡኝ። አንችን ግን ማንም ሳይለምነኝ ነው የወደድሁሽ። ማንም ሳይሰጠኝ።»

ልቧ ወደ እሱ ሄደ። እግሯ ግን አልሄደም፤ ከኮሮጆውም የባሰ የሚያስፈራት ነገር ነበረና።

«እናትህ ‘የገበሬ ልጅ ነው ያመጣህብኝ?’ ያሉህ ዕለትስ? ያኔም ጎንበስ ብለህ እሺ ትላለህ?»

«አልልም።»

«በምን ልወቅ?»

ማናለብሽ ነጠላዋን ሰብስባ ቁልቁል ወረደች። የከፋት ስላላመነችው አልነበረም። ታምነዋለች፤ ማመኗ ነው ያስፈራት።

ሲነጋ ጉሙ ደጁን ሞልቶት ነበር። ሁሉም በጭስ የታጠነ ልብሱን ለብሶ ወጥቷል። አቶ ክንዴ ደጋናቸውን ይዘው ግቢው መሀል ቆመዋል። ይሄነው አጠገባቸው ነው፤ ምስጋናው እጅጌው ያጠረውን ካፖርት እንደለበሰ ከፈረሱ ጋጣ ጋ፣ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሌላ ሰው ቢሆን በሌሊት ተነስቶ ወደ እንጅባራ ይወርድ ነበር። እሱ ግን አልሄደም፤ ማናለብሽ በበሩ ቀዳዳ ይህን አይታ ትንሽ ልቧ ተመለሰ።

በአደኑ ጧት ኮሮጆውን ከምሰሶው አውርዶ ለአዳኙ የሚያወጣው የቤቱ ሴት ነው። እትዬ ሸጋ እጃቸውን ዘርግተው እንደገና መለሱት።

«አንች አውጭው» አሏት ልጃቸውን። «የኔ እጅ እምቢ አለኝ።»

ማናለብሽ አወረደችው። ከምታስበው በላይ ቀላል ነበር። ከቤት እስክትወጣ ድረስ ልታደርግ የነበረው እንደ ሁልጊዜው ለአባቷ መስጠት ነው፤ ይህን እምላለሁ። ደጃፉን ስትሻገር ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። የአባቷ እጅ ሁለተኛ አይዘረጋም። የእሷ እጅ ግን ገና አንድ ጊዜም አልተዘረጋም።

አቶ ክንዴ ሊቀበሏት እጃቸውን አነሱ። አለፈቻቸው።

«ወዴት ነው?» አሉ።

ይሄነውንም አለፈችው። ጭቃውን አቋርጣ ምስጋናው ፊት ቆመች። ኮሮጆውን በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ምስጋናው፣ ይኸን የምሰጥህ እኔ ነኝ። እኔም እንደ አባቴ አንዴ ነው የምዘረጋ። ስትቀበለው ምን እንደምትቀበል እወቅ። ይኸ ቤት አለ፣ ይኸ ጭቃ አለ፣ የእናትህ ቁጣ አለ፣ እኔ አለሁ። የምትግደረደር ከሆነ ደግሞ…»

አላስጨረሳትም። ኮሮጆውን ከነእጇ ነው የያዘው። ያ ጨዋ፣ ያ ጎንበስ ባይ፣ «አመሰግናለሁ» ማለትን እንኳ ረሳ።

«የኔ ነው» አለ። «ለማንም አልሰጥም። እናቴ እዚህ ቆማ ብታየኝም ይኸንኑ ነው የምላት። አሁን ደውልላት ብትይኝ እደውላለሁ።»

«ኔትወርክ የለም» አለች ማናለብሽ፤ እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር መናገሯ ኋላ ራሷን ሲያስቃት ኖሯል።

ከዚያ የአቶ ክንዴ ድምፅ መጣ።

«ማናለብሽ። በደጄ ላይ፣ ሰው ፊት።»

ዞረች። ፈርታ ነበር፤ ግን ዓይኗን አላወረደችም። «አዎ አባዬ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እርስዎ። ትናንት ሲዘረጉለት ፈቅደውልኛል። እጅዎን ሰበሰቡ እንጂ ፈቃዴን መልሼ ወስጃለሁ አላሉም።»

ይህን ጊዜ እትዬ ሸጋ ከደጃፉ ላይ ሆነው ተናገሩ።

«ክንዴ፣ አባቴ ይኸንን ኮሮጆ ሲዘረጉልህ ፈጥነህ የተቀበልኸው ወግ አዋቂ ስለሆንህ ይመስልሃል? መንትፈህ ነው የወሰድኸው። አባቴ ‘ይኸ ልጅ እንጀራም እንዲህ ነው የሚበላ?’ ብለው ሳምንቱን ሙሉ ስቀውብሃል። የሱ መግደርደር ካንተ መስገብገብ በምን ይከፋል?»

መጀመሪያ የሳቀው ይሄነው ነው። ሳቁ አጭር ነበር፤ ውስጡ ምን እንደነበረ ማናለብሽ ታውቃለች። ሞረዱን ኪሱ ከተተና፣ «ጋሽ ክንዴ፣ ነፋሱ ሳይዞርብን እንሂድ» አለ። ይህን ስላለ ማናለብሽ ዕድሜ ልኳን አክብራዋለች።

አቶ ክንዴ ወደ ምስጋናው ሄዱ። ከራስ እስከ እግሩ አዩት። የኮሮጆውን ጠፍር ትከሻው ላይ አስተካከሉለት፤ ጎተት አድርገው ጥብቀቱን ሞከሩ።

«ከኋላዬ ነህ። እኔ በረገጥሁበት ርገጥ። እጄን ስዘረጋ ፍላጻ ስጠኝ፤ ‘ይቅርብኝ’ የሚባል ነገር ጫካ ውስጥ የለም።»

«እሺ አባቴ።»

«አባቴ ያልኸኝ ትናንትም ነው» አሉ አቶ ክንዴ። «ዛሬ ሰማሁህ።»

በስመ አብ ብለው አማተቡ፤ ሦስቱ ሰዎች በአጥሩ ቀዳዳ ወጥተው ወደ ጫካው አቀኑ። ማናለብሽ አጥሩን ይዛ ቆመች። ምስጋናው አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ እንዲያያት ፈለገች። አልዞረም። ዓይኑን ከአባቷ እግር ሳይነቅል፣ አባቷ በረገጡበት እየረገጠ ጉሙ ውስጥ ገባ። ትናንት ቢሆን ይከፋት ነበር። ዛሬ ግን ጀርባውን እያየች እንባዋ መጣ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ አድርጋ አልወደደችውም ነበር።

እትዬ ሸጋ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ከልጃቸው ጋር ሽቅብ ጉሙን አዩ።

«ባይቀናቸውስ?» አሉ። «ድኩላው ብልጥ ነው፤ ባዶ እጃቸውን ቢመለሱስ?»

«ይመለሱ እማዬ» አለች ማናለብሽ። «እሱ ይመለሳል።»

ስለ እሱ እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም ነበር። ሁልጊዜ «ይመጣ ይሆን?» ነበር የምትል። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው፤ ልቧም አረፈ።